የግራዝማች ቢተው ክርን

የወረዳው ዳኛ ግራዝማች ቢተው በክርናቸው የወንበራቸውን መደገፊያ ተደግፈው ሲያንቀላፉ ይውላሉ፤ ባለጉዳዩም ፊታቸው ቆሞ ይውላል። አንድ ቀን ክርናቸው እንደ ሎሚ አብጦ ቢያቃጥላቸው ከችሎቱ ሳይነሡ ወጌሻ አስጠሩ።

ወጌሻይቱ ገና እብጠቱን ዳበስ ስታደርገው፣ «ከእነዚህ ባለጉዳዮች አንዱ በዓይኑ በልቶኝ ነው! የትኛው እንደሆነ ጠቁሚ፤ አለዚያ ወህኒ ትወርጃለሽ!» ብለው ጮኹባት።

ሴትዮዋ ሰው መወንጀሉንም ወህኒ መውረዱንም አልወደደችውም።

«ጌታዬ» አለች፣ «ክርን የሚያብጠው ሲደገፉበት ሲውሉ እንጂ በዓይን አይደለም። እነዚህ ሰዎች ዓመቱን ሙሉ እዚህ ሲቆሙ የማንኛቸው ክርን አበጠ? ወንበሩን ለእነሱ ይልቀቁና እርስዎ ቆመው ይፍረዱ፤ እብጠቱም ይጎድላል፣ ፍርዱም ይፈጥናል።»