መልስ የምታመጣው መሣሪያ

አንድ እንግዶችን ወደ ተራራ የሚያወጣ መንገድ መሪ ነበር። የመንደሩ ሰው አያ ይርዳው ይለዋል። ተራራውን እንደ ጓሮው ያውቀዋል፤ ነገር ግን ከመንደሩ ትንሽ ከፍ ካሉ በኋላ የስልክ ኔትዎርክ የሚባል ነገር የለም። እሱ በወጣ ቁጥር ሚስቱ ጠጄ እስኪመለስ ድረስ እህል አይወርድላትም። በመጨረሻ መረራትና "ወይ በሳተላይት የሚያገናኘውን መሣሪያ ትገዛለህ፣ ወይ ተራራውን ትተህ ከእኔ ጋር ገበያ ሽንኩርት ትሸጣለህ" አለችው። አያ ይርዳው ሽንኩርቱን ሲያስበው ጊዜ ተያይዘው ወደ ከተማ ወረዱ።

ነጋዴው ሁለት መሣሪያ አቀረበላቸው። "ይኼ" አለ ትልቁንና ቢጫውን እያሳየ፣ "ከገደል ቢወድቅ አይሰበርም፤ የእጅ ባትሪም አለው። ሲቸግርዎ ቁልፉን ይጫኑታል፤ ያሉበትን ቦታ ጠቅሶ ድረሱልኝ ይላል። ከዚያ በኋላ ዝም ነው።" ቀጥሎ ትንሿን አነሳ። "ይቺም የድረሱልኝ ቁልፍ አላት። በተጨማሪ ከባለቤትዎ ስልክ ጋር ጽሑፍ ትለዋወጣለች፤ ያሉበትንም አብራ ትናገራለች። ታዲያ አጭር አጭሩን ነው፤ ረጅም ደብዳቤ አትቀበልም።"

አያ ይርዳው ቢጫውን ወደደው። "ድረሱልኝ ካልኩ በኋላ ምን ወሬ ይቀረኛል?" አለ።

"አንተ ባይኖርህ እኔ አለኝ" አለች ጠጄ። "አንተ እንደሆንክ ካልጠየቁህ አትናገርም። የምጠይቅህን የምታደርስልኝን ነው የምፈልገው።"

ነጋዴው በዚያ ቤት ወሳኙ ማን እንደሆነ ወዲያው ገባውና ትንሿን ጠቀለለላት።

ከጊዜ በኋላ አያ ይርዳው እንግዶቹን ከተራራው ማዶ አድርሶ ብቻውን ይመለስ ነበር። ቁልቁለቱን ሲጀምር እርጥብ ድንጋይ አንሸራተተውና ወደቀ። ልነሳ ቢል ቀኝ እግሩ እምቢ አለው። ፀሐይ እያዘቀዘቀች ነው፤ ጉሙም መጥቷል። በዚያ ብርድ ያለ እሳት የሚያድር ሰው በሕይወት እንደማይነጋለት ከእሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

እጁን ወደ ድረሱልኝ ቁልፉ ሰደደና አፈረ። "ለአንድ እግር ብዬ አገር ላስጨንቅ?" አለ። ለጠጄ ልጻፍላት ብሎ ወሰነ። ግን በእኛ አገር ክፉ ወሬ እንዲሁ አይወረወርም፤ ሰላምታ ይቀድመዋል። እሱም እንደ ወጉ እንዲህ ሲል ጻፈ፦

"ጤና ይስጥልኝ ጠጄ። እንደምን ዋልሽ? ልጆቹስ ደህና ናቸው? እናትሽን ወገባቸውን ተሻላቸው? ላሟስ ወለደች? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን በጣም ደህና ነኝ።"

አሁን ወደ እግሬ ልምጣ ሲል መሣሪያዋ ሞላሁ አለችው። ምን ያድርግ፣ ላከው። ሰውየው እግሩ ተሰብሮ ድንጋይ ተንተርሷል፤ መልእክቱ በጣም ደህና ነኝ ይላል! ሁለተኛውን በምን ቃል እንደሚጀምር ሲያወጣ ሲያወርድ መልስ መጣለት።

"ሁላችንም ደህና ነን። ላሟም ወልዳለች። አንተ ግን ደህና ከሆንክ እዚያ ብርድ ላይ ቁጭ ብለህ ስለ ላም የምትጠይቀኝ ለምንድን ነው? ምን ሆነሃል?"

"ምንም አይደል። እግሬን ትንሽ ነካ አድርጎኝ ነው።"

"ትንሽ ስትል፣ ስንት ሰው ልላክ?"

አያ ይርዳው አሰበ አሰበና "ሰው ማስቸገር እንዳይሆን እንጂ፣ ቃሬዛ ቢይዙ አይከፋም" ብሎ ጻፈ።

ጠጄ ቃሬዛ የሚለውን እንዳነበበች እየሮጠች ወጥታ መንደሩን ጠራች። ጎረቤቶቹ ቃሬዛ፣ ብርድ ልብስና ትኩስ አጥሚት ይዘው ዳገቱን ተያያዙት። እሷም "እየመጡልህ ነው። እንዳትተኛ፣ እየጻፍክልኝ ቆይ" አለችው።

"ምን ብዬ ልጻፍ?"

"ያን ሁሉ ሰላምታህን አሁን አምጣው። አሁን ጊዜ አለን።"

እሱም ስለ ጥጃው መልክ ጠየቀ፤ ስለ አማቱ ወገብ ጠየቀ፤ የጎረቤቶቹ የአጥር ጠብ የት እንደደረሰ ጠየቀ። እሷም አንዱን ከአንዱ እያስከተለች መለሰችለት። ጎረቤቶቹ ሲደርሱ በጉሙ ውስጥ ብቻውን ሲስቅ አገኙትና መጀመሪያ ላይ ጭንቅላቱን የተመታ መሰላቸው።

ሲወርዱ ተሸካሚዎቹ ደስ ብሏቸው እየዘፈኑ ነበር። ጠጄ ከደጇ ወጥታ ተቀበለችውና ግንባሩን ሳመችው። "አሁን እንዴት ነህ?" አለችው።

"በጣም ያመኛል" አለ አያ ይርዳው።

ሰዉ ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። ጠጄ ግን እንባዋ መጣ፤ ከደስታዋ ብዛት ነው። አብረው በኖሩበት ዘመን ሁሉ፣ ገና ሲጠየቅ እውነቱን ሲናገር የመጀመሪያው ነበር።

ወዳጆቼ፣ ሩቅ መንገድ የምትወጡ ከሆነ ጥንካሬውንና መብራቱን ብቻ አይታችሁ አትግዙ፤ መልስ የሚያመጣላችሁን ምረጡ። ሲቸግራችሁም አስቀድማችሁ ችግራችሁን ተናገሩ፤ ስለ ላሟ በኋላ ትጠይቃላችሁ። ብዙዎቻችን ወድቀን ሳለ "እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ" የምንል ሰዎች ነን። የሚደርስልን ደግሞ ይህን ሰምቶ የማያልፈን፣ መልሶ የሚጠይቀን ሰው ነው።

ዛሬ "ደህና ነኝ" ብሎ የጻፈላችሁ ማን ነው? ሁለተኛ ጠየቃችሁት?