የዳሯ መስኮት

አንድ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ማኅበር ሥራ አስኪያጅ ነበሩ፤ አቶ ዘርጋው ይባላሉ። ክፉ ሰው አልነበሩም። ጥፋታቸው ችኮላ ነው። የተበላሸ ዕቃ ካዩ ይጥላሉ፣ ያጠፋ ሠራተኛ ካገኙ ያሰናብታሉ፣ ከዚያ በአዲስ ይተካሉ። «እኔ ጋ ማስታመም የለም» ይሉ ነበር፤ ይህንንም እንደ ትልቅ ሙያ ይቆጥሩታል።

የማኅበሩ የትኬት መስኮቶች በመናኸሪያው ግቢ በረድፍ ተደርድረዋል። ከሁሉም ዳር ባለችው መስኮት ይመናሹ የምትባል ወጣት ትሠራለች። አባቷ ካረፉ ወዲህ እናቷና ታናናሾቿ የሚኖሩት በእሷ ደመወዝ ነው። ትጉ ናት፣ ሰው አክባሪ ናት፤ ግን ትሳሳታለች። ደብረ ብርሃን ላለው ደብረ ማርቆስ ትቆርጣለች፤ ደብረ ታቦር ላለውም ያው ደብረ ማርቆስ። አብዛኛው ተሳፋሪ ትኬቱን እዚያው አይቶ ያስለውጣል። አንድ ቀን ግን ስሕተቱ ሳይታይ አለፈ።

አንድ ሽማግሌ ለወንድማቸው ልጅ ሚስት ሊለምኑ ወደ ደብረ ብርሃን ይሄዱ ነበር። ጋቢያቸውን ተከናንበው ወንበራቸው ላይ እንደተመቻቹ እንቅልፍ ወሰዳቸው። የቀሰቀሳቸው የዐባይ በረሃ ሙቀት ነው። ለደብረ ብርሃን ብርድ ተዘጋጅተው የወጡ ሰው ላብ በላብ ሆነው ሲነቁ ምን እንደተሰማቸው እናንተው ገምቱት። የልጅቷ ቤተሰብ ደጅ ደጁን ሲያይ ዋለ፤ ሽማግሌው ግን ደብረ ማርቆስ ወረዱ።

በማግሥቱ ሽማግሌው ደውለው የሆዳቸውን ሁሉ ለአቶ ዘርጋው ተናገሩ። አቶ ዘርጋው ወዲያው ይመናሹን አስጠሯት።

«ይመናሹ፣ ደብረ ብርሃንና ደብረ ማርቆስ አንድ ናቸው እንዴ?»

«አይደሉም ጋሼ።»

«ታዲያ ምን ሆነሽ ነው?»

«የሰማሁትን ነው የቆረጥኩት ጋሼ» አለች።

«እንግዲያው እኔ ጆሮ ያለው ሰው እፈልጋለሁ። ከአንቺ በፊት እዚያ የተቀመጡት ሁለቱም እንዳንቺው ነበሩ፤ አሰናበትኳቸው። አንቺም በዚህ ሳምንት መጨረሻ ታስረክቢያለሽ።»

ይህን ብለው ሳይጨርሱ ከታች ጫጫታ ተነሣ። ሁሉም መስኮቶች በአንዴ ሥራ አቁመዋል። መስኮቶቹን የሚያገናኘው ትልቁ ኮምፒውተር፣ ሰርቨር የሚሉት፣ ከአቶ ዘርጋው ቢሮ ጎን ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው የሚቀመጠው። እሱም በራሱ ጊዜ ይጠፋል፣ ይነሣል፣ መልሶ ይጠፋል። ፊቱ ላይ፣ «3» ከሚል ቁጥር አጠገብ፣ ብርቱካናማ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። ወረፋው እስከ ግቢው በር ደረሰ።

ምንተስኖት የሚባል የኮምፒውተር ጠጋኝ ተጠርቶ መጣ። አቶ ዘርጋው፣ እሱ ገና ደረጃው ላይ ሳለ፣ ምርመራውን ጨርሰው ጠበቁት።

«ሜሞሪው ነው። ሦስተኛው መሰኪያ ላይ ያለው ሰሌዳ ሞቷል። አውጥተህ አዲስ ክተትበት።»

«ከዚህ በፊትም ሞቶ ያውቃል?»

«ሁለቴ! እዚያው ሦስተኛው ላይ። ዘንድሮ የሚመጣው ዕቃ ሁሉ የማይረባ ነው።»

«የሞቱት የት አሉ?»

አቶ ዘርጋው ከመሳቢያቸው ሁለቱን ቀጫጭን የሜሞሪ ሰሌዳዎች አምጥተው ሰጡት። ምንተስኖት ተቀብሎ አስቀመጣቸው። ሰርቨሩን አጥፍቶ፣ ከኤሌክትሪክ ነቅሎ ክዳኑን ከፈተ። አዲስ ዕቃ ግን አላወጣም። ሦስተኛው መሰኪያ ላይ ያለውን ሰሌዳ ነቅሎ አንደኛው ላይ ሰካው፤ የአንደኛውን ደግሞ ወደ ሦስተኛው አዛወረው።

«ኧረ አንተ ሰው፣ ደህናውንም ልትገድልብኝ ነው?» አሉ አቶ ዘርጋው።

«ቦታ እያቀያየርኳቸው ነው» አለ ምንተስኖት። «ጥፋቱ ሰሌዳውን ተከትሎ ከሄደ የታመመው ሰሌዳው ነው። እዚያው ከቀረ ግን የታመመው ቦታው ነው።»

አስነሣው። ብርቱካናማው መብራት አሁንም በራ፤ ሰርቨሩ አሁንም የሚከሰው ሦስተኛውን መሰኪያ ነው። ሁልጊዜ ጤነኛ የነበረው ሰሌዳ እዚያ ሲገባ ታመመ። ሞተ የተባለው ደግሞ አንደኛው ላይ ተቀምጦ ምንም እንዳልሆነ ሥራውን ይሠራል።

ምንተስኖት እንደገና አጠፋው፤ ሦስተኛው መሰኪያ ላይ ያለውን ሰሌዳ ነቅሎ በባትሪ መብራት ሲያይ የመናኸሪያው አቧራና ጥላሸት መሰኪያው ውስጥ ተጠቅጥቋል። በአየር መንፊያ ነፍቶ፣ በለስላሳ ብሩሽ ጠርጎ አጸዳው። ከዚያ ከመሳቢያ ከመጡት አንዱን እዚያው ሰክቶ አስነሣ። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ሁለተኛውንም ሞከረው፤ እሱም ሠራ። ከታች ወረፋው ሲያጨበጭብ ተሰማ።

«እነዚህን መልሰው ያስቀምጡ» አለ ምንተስኖት ዕቃውን እየሰበሰበ። «አንዳቸውም አልሞቱም።»

አቶ ዘርጋው አመስግነው ሸኙት፤ ደስታው ግን ቶሎ አልመጣላቸውም። ሰሌዳዎቹን ወደ መሳቢያቸው ሲመልሱ ከዳሯ መስኮት መጀመሪያ ያሰናበቱት ልጅ ትዝ አላቸው። አሁን ከመንገዱ ማዶ ሌላ ማኅበር ተቀጥሮ ትኬት ይቆርጣል፤ ተሳሳተ ሲባል ግን አንድም ቀን ሰምተው አያውቁም። ፊታቸው በሐፍረት ጋለ።

በማግሥቱ ጠዋት ይመናሹን አንደኛዋ መስኮት ላይ አስቀመጧትና ራሳቸው ዳሯ መስኮት ላይ ተቀመጡ። ሠራተኛው ሁሉ እርስ በርሱ ተያየ። እርሳቸው ጆሮ እንዳላቸው አልተጠራጠሩም።

ከመስኮቷ አጠገብ የደብረ ማርቆሱ አውቶቡስ ይጭናል። ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ «ማርቆስ፣ ማርቆስ፣ ማርቆስ!» ይላል። አቶ ዘርጋው ላይኛው ፎቅ መስኮታቸውን ዘግተው ስለሚውሉ ይህን ጩኸት በቅርብ ሰምተውት አያውቁም ነበር። አንዲት ሴት ቀርባ «ደብረ...» አለች፤ የቀረውን ረዳቱ ጨረሰላት። አቶ ዘርጋው ደብረ ማርቆስ ቆርጠው ሰጧት።

«ኧረ ጌታዬ፣ ደብረ ታቦር እኮ ነው ያልኩት!»

ይቅርታ ጠይቀው ለወጡላት። ቀጥሎ የመጣው ወታደርም ትኬቱን መለሰ፤ ከእሱ በኋላ ያሉት መነኩሴም እንዲሁ። ይህን ጊዜ አቶ ዘርጋው ራሳቸውን ይዘው ሳቁ። ይመናሹ አንደኛዋ መስኮት ላይ ያለ አንዳች ስሕተት ስትሠራ ዋለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የደብረ ማርቆስ አውቶቡስ ከግቢው ማዶ እንዲጭን ተደረገ። አቶ ዘርጋው ሠራተኛው ሁሉ ባለበት «ይመናሹ፣ ይቅር በይኝ፤ ጆሮ ያጣሁት እኔ ነኝ» አሉ። ቀድመው ያሰናበቷቸውንም ፈልገው ይቅርታ ጠየቁ። ሁለተኛዋ ልጅ ወደ ሥራዋ ተመለሰች፤ የመንገዱ ማዶው ልጅ ግን «እኔ እዚህ ተመችቶኛል፣ ይመስገነው» ብሎ እየሳቀ ሸኛቸው። ይመናሹ ራሷ ጠይቃ ወደ ዳሯ መስኮት ተመለሰች።

ወራት አለፉ። አንድ ቀን እኒያ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ለብሰው ከመስኮቷ ፊት ቆሙ። ልጅቷ ለወንድማቸው ልጅ ተፈቅዳለች፤ አሁን ለሠርጉ መሄዳቸው ነው። እንደ ባለፈው እንዳይሆኑ ሁለት እጃቸውን አፋቸው ላይ ደግነው፣ ባላቸው ኃይል «ደብረ ብርሃን! ብርሃን ነው ያልኩት!» አሉ።

ይመናሹ እየሳቀች ትኬቱን አቀበለቻቸው።

«አባባ፣ ምን ያስጮህዎታል? እየሰማሁዎት ነው እኮ።»

ወዳጆቼ፣ አንድ ቦታ ላይ የተቀመጠ ሁሉ እየተበላሸ ካስቸገረን፣ ሰውን ከመለወጣችን በፊት ቦታውን እንመርምር። ሰነፍ ብለን የሸኘነው ሠራተኛ፣ ደካማ ያልነው ተማሪ፣ አመለኛ ያልናት የቤት ሠራተኛ ሌላ ቦታ ሄደው ሲያምርባቸው ስንቴ አይተናል? እናንተስ አሁን ልታሰናብቱት ያሰባችሁት ሰው አለ? እንግዲያው አንድ ቀን ብቻ እሱ ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ ከዚያ በኋላ ፍረዱ።