የሸንጎው ዋርካ ነዋሪዎች

አንድ ጊዜ፣ የአራዊት ሸንጎ በሚቀመጥበት ትልቅ ዋርካ ሥር፣ እመት አህይት ከጥንቸሎችና ከጅግራዎች ጋር ትኖር ነበር። ተራራው፣ ሸለቆውና ሜዳው ለሸንጎው እንደራሴ ይልካሉ። የዋርካው ነዋሪዎች ግን ለሸንጎው ውኃ ይቀዳሉ፣ ሣር ይጎዘጉዛሉ እንጂ ድምፅ የላቸውም። «ዋርካው የሁላችን ስለሆነ የራሱ እንደራሴ አያሻውም» ይላል ደንቡ።

አንድ ቀን የሸለቆው እንደራሴ አያ ጅቦ በንጉሡ በአንበሳ ፊት ተነሣ። «ጃንሆይ፣ የዋርካው ምስኪኖች ጠባቂ የላቸውም። እኔ ልጠብቃቸው» አለ፣ ምራቁን እየዋጠ።

የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይባላል፤ እመት አህይት ደግሞ ባልም ድምፅም አልነበራትም። «ጃንሆይ፣ ስለ እኛ ሲወሰን እኛም እንጠየቅ እንጂ» አለች።

«የዋርካ ነዋሪ በሸንጎ አይናገርም፤ ደንብ ነው» አላት አንበሳ።

የተራራው እንደራሴ ብልጧ ቀበሮ ተነሣች። «እኔ እደግፋለሁ። ግን ጠባቂ ከሚጠብቀው ጋር መኖር አለበት።»

«ምን ገዶኝ፣ ከአሁን ጀምሮ የዋርካ ልጅ ነኝ» አለ ጅብ።

ሹመቱ በአንድ ድምፅ ብልጫ ጸደቀ። እመት አህይት ቀበሮን በሆዷ ረገመቻት።

ቀጥሎ የመጣው ጉዳይ የአንድ የሞተ ጎሽ ሥጋ አከፋፈል ነበር። አያ ጅቦ ቸኩሎ ብድግ አለ። «ጎድኑ ለሸለቆው ይሰጥ።»

«በማን ስም ነው የምትናገረው፣ አያ ጅቦ?» አለች ቀበሮ።

«በሸለቆው ነዋ።»

«የዋርካ ልጅ ነኝ አላልክም እንዴ? የዋርካ ነዋሪ ደግሞ አይናገርም።»

ጅብ ወደ አንበሳ ዞረ። አንበሳም «ደንብ ነው» አለ።

«ይሄማ ግፍ ነው፣ ጃንሆይ። እዚሁ እየኖረ ውኃ የሚቀዳ ፍጡር እንዴት ድምፅ ይነፈጋል?» አለ ጅብ፤ በዕድሜው አንዲት ቅል ውኃ ቀድቶ ባያውቅም።

እመት አህይት ሣቋ መጣ። አንበሳም አገጩን አከከና «ይህን ነገር ቅድም አህይትም ብላው ነበር» አለ። ሸንጎው መከረ፤ ዋርካውም እንደ ሌላው አገር እንደራሴ ይኑረው ተባለ። ከሁሉ በላይ ያጨበጨበው ጅብ ነበር።

ምርጫው እዚያው ተካሄደ። ጅብ ራሱን መረጠ፤ ጥንቸሎቹና ጅግራዎቹ በሙሉ እመት አህይትን መረጡ። እሷም ጉሮሮዋን ጠራርጋ በሸንጎው መካከል ቆመች። ደስታዋ ከፊቷ ይነበብ ነበር።

«የጠባቂው ሹመት ይሻርልን» አለች።

ቀበሮ ቀድማ ደገፈቻት፣ ሌሎቹም ተከተሉ፤ ሹመቱ ተሻረ። ሸለቆው የሚናገርለት አጥቶ ስለነበር የጎሹ ጎድን ለተራራው ደረሰ፤ ቀበሮ እንደሆነች በነጻ አትደክምም። አያ ጅቦም ባዶ አፉን እያኘከ ወደ ሸለቆው ወረደ።

ከዚህ የምንማረው፣ የጎረቤታችንን አፍ የሚዘጋ ደንብ እያየን ዝም ካልን ተራው ሲደርሰን የእኛንም አፍ እንደሚዘጋ ነው።