በአክብሮት የቀሩ አሥራ አንድ ኮምፒውተሮች

አንድ ሰው ነበረ። ቆይ ትርንጎ፣ ጥያቄሽን አልሸሸሁም። ከወረዳው አርባ የውሃ ጉድጓዶች ሦስቱ ሳይመረመሩ «ሁሉም ተመርምሯል» ብለሽ ፈርሚ ተብለሻል፤ አንቺም «ለሦስት ጉድጓድ ብዬ ከአለቃዬ ልጣላ ወይ?» ብለሽኛል። እሺ። መጀመሪያ ይህን ሰው ስሚው።

ሰውየው በአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተሮች ኃላፊ ነበር። መሥሪያ ቤቱ የከተማውን ሕዝብ የቤትና የቦታ ማህደር ይይዛል፤ ኮምፒውተሮቹም ሁለት መቶ አሥር ናቸው። እንግዲህ ኮምፒውተር የሚሠራበትን ፕሮግራም የሠራው ሰው ነውና ቀዳዳ አያጣውም። ሠሪዎቹ ቀዳዳ ባገኙ ቁጥር መድፈኛውን ይልካሉ፤ አፕዴት ይሉታል። መድፈኛው የሚይዘው ታዲያ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሲበራ ነው። የዚህ ሰው ሥራ የትኛው እንደተደፈነ፣ የትኛው እንዳልተደፈነ ለይቶ ማወቅ ነበር። ለዚህም አንዲት ሰንጠረዥ አለችው። የተደፈነው በአረንጓዴ ይታያል፣ ያልተደፈነው በቀይ። ጠዋት ቢሮው ሲገባ ኮቱን ሳያወልቅ የሚያያት እሷን ነው።

የተራውን ሠራተኛ ኮምፒውተር ያለ ብዙ ወሬ አስጠፍቶ ያስበራዋል። የሚያጉረመርም ያጉረምርም። አለቆቹ ጋ ሲደርስ ግን እጅ እግሩ ይታሰራል። በዚያ ቤት አለቃን «ኮምፒውተርዎን ያጥፉ» ማለት ከወንበርዎ ይነሡ እንደማለት ይቆጠር ነበር። ጸሐፊዋ ከበሩ ላይ ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ሌላ ጊዜ ትለዋለች። እሱም ይሉኝታ ይዞት እሺ ብሎ ይመለሳል። ሌላ ጊዜ፣ ሌላ ጊዜ ሲባል ሦስት ወር አለፈ። በመጨረሻ በዚያ ሁሉ ቤት ቀዳዳ የቀረው የአሥራ አንዱ ትልልቅ ሰዎች ኮምፒውተር ብቻ ሆነ። ማህደሩን ሁሉ የመክፈት ሥልጣን ያላቸው ደግሞ እነሱው ናቸው። አይ ጉድ! የሎሌው ጎጆ ተከድኖ የጌታው አዳራሽ ያፈሳል።

በዚህ መሀል ከጎረቤት ከተማ ክፉ ወሬ መጣ። ሌባ በዚያው ቀዳዳ ገብቶ የአንድ መሥሪያ ቤት ማህደር በሙሉ ቆልፎበታል፤ ሰዉ የቤቴ ካርታ ይውጣልኝ ቢል የሚያወጣለት ጠፍቷል። ሰውየው ይህን ሲሰማ ሰንጠረዧን ከፍቶ አሥራ አንዱን ቀይ አንድ በአንድ ቆጠረ። የገዛ እናቱ ቤት ማህደር እንኳ እሱ በሚጠብቀው ቤት ውስጥ ነበር።

ወዲያው ደግሞ ከበላይ ጎብኚዎች ሊመጡ ነው ተባለ። ሥራ አስኪያጁ ጠሩትና ሰንጠረዧ አንድ ቀይ ሳይታይባት አረንጓዴ ሆና እንድትቀርብ አዘዙ። አሥራ አንዱስ ምን ይሁኑ ቢላቸው፣ ከዝርዝሩ አውጣቸው አሉት። የወጣ አይቆጠርም፣ የቀረው መቶ በመቶ ይሆናል፤ ይህም ውሸት ሳይሆን አሠራር ነው ብለው አስረዱት። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ በዚያ ወንበር ላይ መቀመጥ የሚፈልግ ሌላ ሰው እንደማይጠፋ ነገሩት።

ሰውየው ቢሮውን ዘግቶ ተቀመጠ። አራት ልጆች አሉት፤ ያንን ወንበር ለማግኘት ዘጠኝ ዓመት ደክሟል። ፈራ፣ በጣም ፈራ። እየፈራም አንዱን መስመር ሰረዘ፤ የሥራ አስኪያጁን። አንድ ቀይ ከሰንጠረዧ ጠፋ። ኮምፒውተሩ ግን እላይ ፎቅ ላይ ከነቀዳዳው ተቀምጧል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል እየሰማ ያደገ ሰው፣ አሁን ደባቂው ራሱ ሆኖ አገኘው። ያን ጊዜ ተናደደ። በማን ቢሉ በራሱ። ሦስት ወር ሙሉ ከበር ላይ እሺ እያለ የተመለሰው ሌላ ማን ነበረ? የሰረዘውን መስመር መልሶ ጻፈው፣ አይቶት ተነሣ።

ጎብኚዎቹ መጡ፤ አለቆቹም ሁሉ በአዳራሹ ተሰበሰቡ። ሥራ አስኪያጁ ሁሉም ነገር የተሟላ መሆኑን ተናግረው ሰንጠረዧን አሳያቸው አሉት። ሰውየው እንዳለች ግድግዳው ላይ ከፈታት። መቶ ዘጠና ዘጠኝ አረንጓዴ፣ አሥራ አንድ ቀይ፤ ከቀዩም ሁሉ አናት ላይ የሥራ አስኪያጁ ስም። የጎብኚዎቹ መሪ ጠና ያሉ ሴት ነበሩ፤ እነዚህስ ለምን ቀሩ ብለው ጠየቁት።

«በአክብሮት ነው የቀሩት» አለ ሰውየው። «አጥፉ ማለት ነውር መስሎኝ ሦስት ወር ተውኳቸው። ጥፋቱ የኔም ነው። ሌባ ግን አያከብራቸውም።»

ሥራ አስኪያጁ ፊታቸው ጠቆረ። ይህን አንሣና የተባልከውን አሳይ አሉት።

«ይህን ቀይ የሚያጠፋው የእርስዎ ጣት ነው» አላቸው። «ኮምፒውተርዎን ያጥፉና ያብሩ። እኔ አልሰርዝም። መሰረዝ ካስፈለገ እኔን ይሰርዙኝ።»

ሴትየዋ መነጽራቸውን አውልቀው ሥራ አስኪያጁን ብቻ ይመለከቱ ጀመር። እሳቸውም ምን ያድርጉ፣ ተነሥተው ወደ ፎቃቸው ወጡ። አሥሩም ተከተሏቸው። ምሳ ሳይደርስ አሥራ አንዱም አረንጓዴ ሆኑ። ሦስት ወር ሲፈራ የኖረው ነገር ለአንዱ ኮምፒውተር ሩብ ሰዓት እንኳ አልፈጀም።

ተሸለመ ብዬ አልዋሽሽም። በሳምንቱ የዝውውር ደብዳቤ ደረሰው፤ ወደ ዕቃ መጋዘን። አንድ ወዳጁ ሊያጽናናው ቢሄድ፣ መዝገብ ይዞ ሰባራውን ወንበር ሰባራ፣ ደህናውን ደህና እያለ ሲጽፍ አገኘው። አልቆጨህም ወይ ብሎ ጠየቀው።

«እንዴት አይቆጨኝም» አለው፤ «ሦስት ወር ዘግይቼ!»

እንግዲህ ትርንጎ፣ ሰውየው አንቺ ነሽ። ቀዮቹም ሦስቱ ጉድጓዶችሽ ናቸው። አለቃሽ ሁሉም ተመርምሯል ብለሽ ፈርሚ ሲልሽ የሚያጠራው ወረቀቱን ነው፤ ውሃው እንደሆነ እንዳለ አለ። ልጣላ ወይ አልሽኝ። አትጣዪ፣ ማን ተጣዪ አለሽ? ሦስቱን አልተመረመሩም ብለሽ በጉልህ ጻፊ፣ ስምሽንም ከሥሩ አኑሪ። መጣላት ያማረው እሱ ይጣላሽ። ወንበርሽን ይወስዱብሽ ይሆናል፣ አይወስዱም ብዬ አላታልልሽም። አንቺ ግን መመርመሪያሽን ያዢና ወደ ሦስቱ ጉድጓዶች ሂጂ። የዚያ ሰፈር ልጆች የሚጠጡት ውሃውን ነው፤ ፊርማሽን የሚጠጣ የለም።