ሐጂ ይመር ያንኳኩት ግድግዳ

ይህ የምነግራችሁ ታሪክ ቃል በቃል እውነት ነው፤ አንዲት ውሸት ብትገኝበት ይህች የቀረችኝ እድሜ ዛሬውኑ ትቆረጥ። ትንሽ ስለቀረችው ነው ደፍሮ የሚምልባት የሚሉኝ አሉ። ይበሉ። አላህ የልብን ያውቃል።

ስሟን የማልጠራት አንዲት የቆየች ከተማ ነበረች። የደጋ ማርና የቆላ ጨው የሚገናኙባት ናት። በገበያ ቀን ግመሉ ከመብዛቱ የተነሳ ሰው ከጥላ ወደ ጥላ እየተሻገረ፣ ፀሐይ ሳይነካው መስጊድ ይደርስ ነበር። በዚያች ከተማ ሐጂ ይመር የሚባሉ ሽማግሌ ይኖሩ ነበር። ያረጁት የወቅፍ ቤቶችን፣ ማለትም ሰዎች ለአላህ ብለው ለመስጊድ የሰጧቸውን ቤቶች፣ ሲጠብቁና ሲያስጠግኑ ነው። ከሴት ልጃቸው ከሰዓዳ ጋር የሚኖሩትም ከእነዚሁ ቤቶች በአንዱ ነበር።

ቤት የሚገዛ ሰው ሐጂን ሳያሳይ ቀብድ አይከፍልም። ምስጥ እንጨት ውስጥ ሲያላምጥ ከመንገድ ማዶ ይሰማቸዋል። ጣሪያ ሽቅብ አይተው በመጪው ክረምት በየትኛው ጥግ እንደሚያፈስ ይናገራሉ፤ ጠብታው በማን ትራስ ላይ እንደሚወድቅ ጭምር። እኔን ምን ያስዋሸኛል።

ሰዓዳን ለትዳር የጠየቃት ጦይብ የሚባል ጨርቅ ሻጭ ወጣት ነበር። ሐጂ አንድ ነገር ብቻ አሉት።

«ልጄ፣ እኔ ስሞት ይህ ቤት ወደ መስጊዱ ይመለሳል። ሰዓዳ ደጅ ትቀራለች። የጥሎሹን መህር አብዛ አልልህም። የራሷ በር ያለው ቤት አግኝላትና ኒካሁን አስራለሁ።»

ጦይብ እሺ አለ። ከዚያ ወዲያ ገንዘብ ለማጠራቀም ሲል ምሳ የሚባል ነገር ረሳ። ከመክሳቱ የተነሳ ነፋስ በተነሳ ቀን ኪሱ ውስጥ ድንጋይ ይዞ ነበር የሚወጣው። ሐጂን ደግሞ በዚያው ጊዜ ሳል ያዛቸው፤ ከክረምት ወደ ክረምት እየከፋ የሚሄድ ሳል።

በመጨረሻ የጀውሃር ቤት ለሽያጭ ወጣ። ጀውሃር የታወቀ ነጋዴ ነው፤ ቤቱም ከአባቱ የቀረ፣ በረመዳን ከተማውን የሚያስፈጥርበት ሰፊ ቤት። ጦይብ ሐጂን ይዞ ሄደ። ሐጂ ምርኩዛቸውን በመሠረቱ ዙሪያ እየተከሉ፣ ምሰሶውን እያሸተቱ፣ በሩን ከፍተው እየዘጉ ዞሩት።

«ሐጂ፣ ቤቴን እኮ ጥርሷ እንደሚታይ በቅሎ አደረጉት» አለ ጀውሃር።

«በቅሎ ብትከፋ ገበያ ትነዳለች» አሉ ሐጂ። «ቤት ከፋብኝ ብሎ ማን ይነዳዋል።»

እንከን ፈልገው አጡ። ግድግዳው ስፋቱ የተጫነች አህያ በላዩ ታልፍበታለች። ጣሪያው የኑህ ጎርፍ ቢመለስ ጠብ አይልበትም። የጦይብ ፊት እየበራ መጣ፤ ሰዓዳ በየትኛው መስኮት በኩል እንደምትቀመጥ ሳይቀር በዓይኑ እየመረጠ ነበር።

ከዚያ ሐጂ የሳሎኑን የኋላ ግድግዳ በጣታቸው አንጓ አንኳኩ። ድፍን ድምፅ ሰጠ። ትንሽ ፈቀቅ ብለው አንኳኩ። ባዶ ድምፅ ሰጠ። ጆሯቸውን አስጠጉና ደግመው አንኳኩ። ያን ጊዜ፣ ከግድግዳው ወዲያ፣ አንድ ሰው መልሶ አንኳኳ።

«አይጥ ነው» አለ ጀውሃር።

«አይጥ ስታንኳኳ ዛሬ ሰማሁ» አሉ ሐጂ። ኖራውን በምርኩዛቸው ጫር ጫር ሲያደርጉት የበር መቃን ብቅ አለ።

«ድሮ በር ነበር» አለ ጀውሃር። «ብርድ ስለሚያስገባ አስደፈንኩት።»

«እስቲ ብርዱን ልየው» አሉና ወጥተው ወደ ጓሮ ዞሩ።

ከጓሮ፣ ከዚያው ግድግዳ ጋር የተለጠፈ የፍየል በረት ነበር። በሩ ላይ አንዲት ሴት ተቀምጣ ጥጥ ትፈትላለች። ሐጂ ሰላምታ አቀረቡ፤ እሷም መለሰች።

«የማን ነሽ፣ ልጄ?»

«የዚህ ቤት ልጅ ነኝ። ሉባባ እባላለሁ።»

ሐጂ አስታወሱ። ጀውሃር ወደ ቆላ ተድራ የሄደች እህት ነበረችው።

«ባሌ ሲሞት ተመለስኩ» አለች እንዝርቷን ሳታቆም። «አባታችንም ሞቶ ደረስኩ። በሸሪዓው ሲሶው የኔ ነው። ወንድሜም አልካደም፤ ሲሶሽ ይኸውልሽ ብሎ የፍየሉን በረት ሰጠኝ። ፍየሎቹን ግን ወሰዳቸው።»

«ለቃዲው አልነገርሽም?»

«ቃዲው የሚያፈጥሩት የት ይመስልዎታል፣ ሐጂ?»

 ሐጂም በየረመዳኑ የሚያፈጥሩት እዚያው ነበር፤ ጀርባቸውን ለዚያው ግድግዳ አስደግፈው።

ተመልሰው ጀውሃርን በለሆሳስ አናገሩት። ከሽያጩ ሲሶውን ለእህቱ ከሰጠ ጦይብ እንደሚገዛ፣ ሁሉም በሐላል እንደሚለያይ ነገሩት። ጀውሃር ፈገግ አለ።

«የጠራንዎት ቤት እንዲያዩ ነው፣ ሐጂ። ቤተሰብ እንዲያዩ አልነበረም።»

ይህን ሲል የቀትሩ የዙህር አዛን ተሰማ። ጀውሃር ባለሐር ስጋጃውን በሳሎኑ መሃል ዘረጋ። «ይግቡ፤ ገዢው ሳይገባ ቤቱን በሶላት ይመርቁልን» አለ። ሐጂ ጫማቸውን አነሱ። ወደ ጓሮ ዞረው፣ በበረቱ ደጃፍ ትቢያ ላይ ፎጣቸውን አንጥፈው አላሁ አክበር አሉ። ጦይብ በስጋጃውና በትቢያው መሃል ቆሞ ቀረ። አንድ ዓይኑ ጣሪያውን ያያል፣ አንዱ ሽማግሌውን። የመጨረሻዋ ረከዓ ላይ መጥቶ ከኋላቸው ቆመ።

ሲመለሱ መንገድ ላይ ጦይብ እንዲህ አላቸው፤ «እኔ የጠየቅኩዎት ስለ ግድግዳው ነበር።»

«ግድግዳው ጠንካራ ነው።»

«ጣሪያውስ?»

«ደህና ነው።»

«ታዲያ?»

«ሲሶው የሰው ነው።»

«እኔ አልቀማኋትም እኮ፣ ሐጂ።»

«አልቀማሃትም። የተቀማውን ትገዛለህ እንጂ።»

ጦይብ ቆመ። «ይህን ካጣሁ ሌላ የሚደረስበት ቤት የለም። ይህን ያውቃሉ። ሰዓዳስ?»

ሐጂን ሳሉ ያዛቸው፤ ቆይቶ ለቀቃቸው። «ሰዓዳ በሌላ ሰው ልጅ ድርሻ ላይ አትተኛም።»

«እርስዎ ሲሞቱ የት ትተኛለች?»

 ሐጂ መንገዱን ቀጠሉና እንዲህ አሉ፤ «ልጄ፣ ጣሪያ ሲያፈስ ሰው ወጥቶ ይደፍነዋል። እኔ የምፈራው ሰው ተበድሎበት ጠብ ያላለውን ጣሪያ ነው።»

ሌላው ተራኪ ይህን ሲነግራችሁ እዚህ ላይ ቤቱን በበዳዩ ላይ ያፈርሰዋል። እኔም ባፈርሰው ደስ ባለኝ፤ ከተማ ሙሉ በግመል ጥላ የሸፈንኩ ሰው አንድ ቤት መናድ አያቅተኝም። ግን ምያለሁ። ቤቱ ቆሟል። ወዲያው ሌላ ነጋዴ ማንንም ሳያሳይ ገዛው፤ የፍየሉ በረት የጓሮውን መልክ አበላሸ ብሎ አስፈረሰው። ሉባባ እንዝርቷን ይዛ ሐጂ ዘንድ ገባች፤ የራሷን ፍራሽ ያነጠፈችላት ሰዓዳ ናት። ለጦይብ ዘመዶቹ ሌላ ቤት አገኙለት፣ ቤቱም የመጣው ከነሙሽራዋ ነው። ሐጂ የሚቀጥለውን ረመዳን አልደረሱበትም።

ቀብራቸው ላይ ሐቀኝነታቸውን ያላወሳ ሰው አልነበረም። ለጀናዛው ሶላት የቆመው ሰልፍ ጫፉ ሁለት ወንዝ ተሻግሯል። ከቀብር መልስ የወቅፉ ሽማግሌዎች ቁልፉን ተቀበሉ፤ ሕጉ ነው። ሁለቱ ሴቶች አንድ ሳጥን በሁለት በኩል ይዘው ሲወጡ ያ ሁሉ ለቀስተኛ ግራና ቀኝ ሆኖ በአክብሮት መንገድ ለቀቀላቸው።

ሐጂ ስለ ጣሪያው ያሉት ቃል ዱሮ ቀላል ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው ጠብታ የአላህ እዝነት ናት፤ የተኛውን ትቀሰቅሰዋለች። ሳያፈስ በኖረ ቤት የሚኖር ሰው አላህ ወዶኛል እያለ ያንኮራፋል፣ ሒሳቡ ግን ለወዲያኛው ዓለም፣ ለአኼራ፣ እየተከመረለት ይሆናል። አዲሱም ባለቤት ደግ ሰው ነው፤ በረመዳን ያስፈጥራል። ቃዲውም እዚያ ናቸው። እኔም ለቴምሩ ስል እሄዳለሁ፤ የምቀመጠው ግን ከኋላው ግድግዳ ራቅ ብዬ ነው።

እንግዲህ እድሜዬን እንዳትቆርጡብኝ አንዲት ትንሽ ነገር ላርም። ግመሉም፣ ጎርፉም፣ የጦይብ ድንጋይም እንዳሉ ናቸው። የፈጠርኳት ያቺን ከግድግዳው ወዲያ የመጣችውን ማንኳኳት፣ ከነአይጧ፣ ብቻ ነው። ሐጂን ወደ ጓሮ የወሰዳቸው ባዶው ድምፅ ነበር። ሉባባ መጀመሪያ መጀመሪያ እኛ ለማፍጠር ስንቀመጥ ታንኳኳ ነበር አሉ። ሐጂ በመጡበት ጊዜ ግን ከተወችው ቆይታለች።