ስቲከር ያጣው በሶ

ተረት ተረት!
የበሶ ከረጢት!

በአንድ የበሶ ፋብሪካ ውስጥ ገብስ ስትቆላ የምትውል ዘርፌ የምትባል ሴት ነበረች። ልጇ ሐረገወይን በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ለትምህርት ወደ ጅማ ትሄዳለች። እናት አንድ ከረጢት በሶ ልትሰንቅላት ፈለገች፤ ያውም የገዛ እጇ የቆላውን፣ የዛሬውን። ልጇ በሰው አገር ሲርባት እየታያት አንጀቷ አልችል አለ።

ወደ መጋዘን ኃላፊው ሮጠች።

«ጋሽ ወርዶፋ፣ ለሠራተኛ የሚፈቀደውን አንድ በሶ ስጡኝ!»

«ስቲከሩ የታለ? ስቲከር ያልተለጠፈበት በሶ ከዚህ በር አይወጣም!»

ወደ ፕሪንተሩ ሄደች። ፕሪንተሩ ኮምፒውተሩ ሳያዘኝ አላትምም አለ። ፕሪንተሩ ካላተመ ስቲከር የለም፤ ስቲከር ከሌለ ጋሽ ወርዶፋ አይሰጡም፤ እሳቸው ካልሰጡ ሐረገወይን ያለ በሶ ልትሄድ ነው።

ወደ ኮምፒውተሩ ሄደች። ኮምፒውተሩ ቀይ አበራና ላቦራቶሪው «አልፏል» ካላለ አላዝም አለ። ኮምፒውተሩ ካላዘዘ ፕሪንተሩ አያትም፤ ፕሪንተሩ ካላተመ ስቲከር የለም፤ ስቲከር ከሌለ ጋሽ ወርዶፋ አይሰጡም፤ እሳቸው ካልሰጡ ሐረገወይን ያለ በሶ ልትሄድ ነው።

ላቦራቶሪ ገባች።

«ምሕረትዬ፣ በእመቤቴ ማርያም፣ አልፏል በይልኝ!»

«እትዬ ዘርፌ፣ በሶው ክው ብሎ ደርቋል፣ ምንም አይወጣለትም። ግን ወፍጮ ቤቱ ካልመዘገበ እኔ ማሳለፍ አልችልም።»

ወፍጮ ቤቱ ካልመዘገበ ምሕረት አታሳልፍም፤ ምሕረት ካላሳለፈች ኮምፒውተሩ አያዝም፤ ኮምፒውተሩ ካላዘዘ ፕሪንተሩ አያትም፤ ፕሪንተሩ ካላተመ ስቲከር የለም፤ ስቲከር ከሌለ ጋሽ ወርዶፋ አይሰጡም፤ እሳቸው ካልሰጡ ሐረገወይን ያለ በሶ ልትሄድ ነው።

ዘርፌ እየተንደረደረች ወፍጮ ቤት ደረሰች።

«ዳኜ! ምን ይዞህ ነው የማትመዘግበው?»

«ምን ላድርግ እትዬ? ፈጭቼ ከጨረስኩ ቆየሁ። ግን መመዝገቢያው ማሽን ‹ገብሱን ማን ቆላው?› ብሎ ይጠይቀኛል። የቆላው ሰው ጠዋት አሻራ አልሰጠም።»

የዘርፌ ደም ፈላ። «ማነው እንዲህ ያለ ዝርክርክ? የእሱን ጣት ነበር መቁረጥ!»

ዳኜ ዱቄት የለበሰ ጣቷን ብቻ ዝቅ ብሎ አየ።

ዘርፌም ጣቷን አየች። ለካ ጠዋት የልጇን ሻንጣ ስትሸክፍ አርፍዳ፣ አሻራ ሳትሰጥ ነበር በሩጫ ወደ መቁያው የገባችው! መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። ጣቷን በቀሚሷ ጠራረገችና ማሽኑ ላይ አሳረፈች።

ጣቷ ሲያርፍ ዳኜ መዘገበ፤ ዳኜ ሲመዘግብ ምሕረት አሳለፈች፤ ምሕረት ስታሳልፍ ኮምፒውተሩ አዘዘ፤ ኮምፒውተሩ ሲያዝ ፕሪንተሩ አተመ፤ ፕሪንተሩ ሲያትም ስቲከር ተለጠፈ፤ ስቲከር ሲለጠፍ ጋሽ ወርዶፋ ሰጡ፤ ሐረገወይንም በሶዋን ሸክፋ ጅማ ገባች።

ከዚያ ደወለች። ስቲከሩን በስልኳ ካሜራ አንብባው ኖሮ ትጮሃለች። «እማዬ! ‹ገብሱን ማን ቆላው› በሚለው ላይ ያንቺ ስም አለ! ለዶርም ልጆች ሁሉ አሳየኋቸው!»

ዘርፌ እንባዋ መጣ። ስልኩን እንደዘጋች ያቺን ጣቷን ሳመቻት።

«እንኳንም አልቆረጥኩሽ!»

ተረቴን መልሱ፣ በሶውን ለውሱ።