ሦስት ሰው ሳያይ

ከዳንጉሌ ወንዝ በላይ ባለው ሰፊ አጸድ ውስጥ እስከ ዛሬ ማንም ብቻውን ገጀራ አያነሣም። ቅርንጫፍ ቢደርቅ፣ ቅጠል ቢጠወልግ እንኳ ሦስት ሰው ቆሞ አይቶ «ይቆረጥ» ሳይል አይነካም። እኔ በጉርምስናዬ አራት ዓመት እዚያ ሠርቻለሁ። አንድ የግራዋ ጭራሮ ብቻዬን ቆርጬ ተገርፌያለሁ።

እንደሚነገረው አጸዱ የፊታውራሪ ወሰኔ ነበር፤ ጠባቂው ደግሞ ካሴ የሚባል፣ የእያንዳንዱን ዛፍ የአበባ ወር የሚያውቅ ሰው። ዋንዛው በመስከረም ነጭ ሲለብስ፣ አምጃው በኅዳር ቢጫ ሲሆን፣ ኮርቹ በየካቲት ቅጠሉን አራግፎ ሲቀላ፣ ለጌታው ቀድሞ የሚናገር እሱ ነበር። የካሴ ሚስት በሞተች ቀን ቢሰውር የሚባለው ልጃቸው ለእናቱ ቃሬዛ ሁለት ዘንግ ከአጸዱ ቀርቀሃ ሳያስፈቅድ ቆረጠ። ፊታውራሪው በሰንሰለት አሰረው። ካሴ እግሩ ላይ ወድቆ ቢለምነው፣ ሰው በተሰበሰበበት እየሳቀ እንዲህ አለው ይባላል፦

«አበባ አዋቂ አይደለህ? ቀርቀሃው ያበበ ዕለት እፈታዋለሁ። ንጉሥ ይሙት።»

ቀርቀሃ ሲያብብ ያየ በአገሩ አልነበረምና የቆመው ሁሉ አብሮ ሳቀ። ካሴ ግን መሐላ መሐላ ነው ብሎ ያዘው። ውሃ በእንስራ እየተሸከመ፣ ፍግ እያለበሰ፣ ሌላው ዛፍ በየወሩ ሲያብብና ሲረግፍ እያየ ዘጠኝ ዓመት ጠበቀ። የጠበቀው እንደ ጽጌረዳ ቀለም ያለውን አበባ ነበር።

በዐሥረኛው ዓመት ቀርቀሃው ቅጠሉን አራግፎ ከየጫፉ የሲናር ራስ የሚመስል ቡናማ ነገር አወጣ። ካሴ እህል የሚፈጀው ዋግ መሰለው። ቀርቀሃው ከሞተ ልጁ አይፈታም። ማንንም ሳያማክር ጫፍ ጫፉን ቆረጠ፤ ነገሩ ወደ ቀሪው ሲዘልቅበት ደግሞ ጉቶው ንጹሕ ሆኖ ያቆጠቁጣል ብሎ ሁሉንም ከሥሩ ጨፍጭፎ አቃጠለው።

በማግስቱ የቀርቀሃ ቅርጫት የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ ከሩቅ አገር መጡ። አመዱን በዘንጋቸው ሲያገላብጡ ከእሳት የተረፈች ዘለላ አገኙ።

«ምን አደረግህ ልጄ? አበባው እኮ ይኸው ነው። አባቴ አንድ ጊዜ አሳይቶኛል።»

ካሴ ዘለላዋን በነጠላው ጫፍ ቋጥሮ ሮጠ፤ ሽማግሌውም ተከትለው መሰከሩ። ፊታውራሪው ቋጠሮውን ፈትቶ አየ።

«እኔ አበባ አልሁ እንጂ ጥላሸት አልሁ? ሲያብብ ያየ ሦስት ሰው አምጣ።»

ሦስት ሰው ከየት ይምጣ? ቢሰውር ከዚያ በኋላ በሦስተኛው ክረምት ከነሰንሰለቱ ሞተ። ለቃሬዛ የሚሆን ቀርቀሃ አልነበረምና በበሬ ቆዳ ተጠቅልሎ ወጣ ይላሉ።

ጉቶውም አላቆጠቆጠም። ዛሬም አጸዱ በየወሩ በተራ ያብባል፤ በመካከሉ ግን፣ ቀርቀሃው በነበረበት፣ ዛፍ ቢተከልበት የማይጸድቅ መሬት አለ። አሁን ለአዲስ ሠራተኛ ገጀራ ከመስጠታቸው በፊት እዚያ አቁመው ይህን ይነግሩታል አሉ። በእኔ ጊዜ መጀመሪያ ይገርፉ ነበር።